እያንዳንዱ ገመድ ምክንያት አለው፦ የመርከብ ሞዴል አሠራር እንደ ዕውቀት ፈተና

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። የፕላስቲክ መርከብ ሞዴል መሥራት በብዙዎች ዘንድ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ተደርጎ ይቆጠራል፤ መዝናኛነቱንም አልክድም። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ሥራ ውስጥ አንድ ትልቅ የዕውቀት ጥያቄ ተሸሽጓል፦ አንድን ነገር «በትክክል ሠራሁ» ለማለት የምንችለው ምን ምን ስናሟላ ነው? መልክን ስንመስል ነው? ልክን ስንጠብቅ ነው? ወይስ ከሁለቱ የሚያልፍ ሌላ መመዘኛ አለ? ይህን ጥያቄ በአንድ የታወቀ መርከብ ገመዶች አማካይነት ለመመርመር እሞክራለሁ።

ስለ ቃላት አስቀድሜ ጥቂት ልበል። መርከቡን የሚነዳው ሸራ የሚንጠለጠልበት ረጅም ቋሚ እንጨት በቋንቋችን ደቀል ይባላል፤ ቃሉን ከግእዝ ወርሰነዋል፣ የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢም ያውቀዋል። ገመድ የሚለው ስም ደግሞ ገመደ ከሚለው ግሥ የመጣ በመሆኑ፣ ገመድ ማለት በተፈጥሮው የተገመደ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የተጠመዘዘ ነገር መሆኑን ቋንቋችን ራሱ ይነግረናል። ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ይጠቅመናል። ስም ያላገኘሁላቸውን የመርከብ ክፍሎች በሥራቸው እየገለጽሁ እጠራቸዋለሁ።

የመረጥሁት መርከብ የእንግሊዝ የጦር መርከብ የሆነችው ቪክትሪ ናት። በ1765 እ.ኤ.አ. በቻተም የመርከብ መሥሪያ ቦታ ወደ ውኃ ወረደች፤ በጥቅምት 21 ቀን 1805 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የትራፋልጋር ጦርነት የአድሚራል ኔልሰን ዋና መርከብ ነበረች፤ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በፖርትስመዝ ከተማ በደረቅ የመርከብ ማቆሚያ ውስጥ ትገኛለች። የዚህች መርከብ የፕላስቲክ ሞዴል 1 ለ100 በሆነ መስፈርት ተሠርቶ ይሸጣል። ገዢው ሳጥኑን ሲከፍት የመርከቡን አካል፣ መድፎቹን፣ መስኮቶቹንና ጌጦቹን ሁሉ በፋብሪካ ቅርጽ ወጥተው ያገኛቸዋል። እነዚህን መቁረጥ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ በማጣበቂያ ማያያዝና መቀባት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቅርጹን በተመለከተ ግን ዋናው ውሳኔ በፋብሪካው አስቀድሞ ተወስኗል።

በገመዱ ላይ ሁኔታው ይለወጣል። ለሠሪው የሚቀርብለት የተጠቀለለ ክርና አንድ የንድፍ ወረቀት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእርሱ ውሳኔ ነው። የቪክትሪ ገመዶች በአንድነት ቢዘረጉ 26 ማይል ገደማ፣ ማለትም ወደ 42 ኪሎ ሜትር እንደሚደርሱ ይነገራል። በሞዴሉ መስፈርት ይህ 420 ሜትር ክር ነው። እያንዳንዱ የክር ቁራጭ ስለ መርከቡ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ብንል፣ ሠሪው በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓረፍተ ነገሮችን በራሱ ኃላፊነት ይጽፋል ማለት ነው። ስለዚህም ነው የሞዴል ሠሪው ዕውቀት የሚፈተነው በገመዱ ላይ ነው የምለው።

የትኛው መርከብ? የየትኛው ዓመት?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቪክትሪን እሠራለሁ የሚል ሰው የትኛዋን ቪክትሪ እንደሚሠራ መወሰን አለበት። በ1765 ወደ ውኃ የወረደችው፣ ከ1800 እስከ 1803 በነበረው ታላቅ ጥገና መልኳ የተለወጠው፣ በ1805 የተዋጋችውና ዛሬ በፖርትስመዝ የምትታየው አራቱም በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ አይደሉም።

በዚህ ላይ ተማሪዎች ዘወትር የሚያቀርቡት ሐሳብ አለ፦ «መርከቡ እስካሁን ካለ ሄዶ ማየት ወይም ፎቶግራፉን መመልከት አይበቃምን?» የሚል። አይበቃም። በዘመናችን በፖርትስመዝ ሲታዩ የኖሩት የታችኛው ክፍል ደቀሎች የእንጨት አይደሉም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሻህ ከተባለ ሌላ የጦር መርከብ ተወስደው የተተከሉ የብረት ደቀሎች ናቸው። የዚያን ጊዜው ገመድም በአብዛኛው ረግፎ፣ በልዩ ልዩ ዘመናት በተለያየ ዓይነት ገመድ ተተክቷል። እንግዲህ በዓይናችን የምናየው ዋናው ነገር ራሱ ስለ 1805 የሚሰጠው ምስክርነት የተደባለቀ ነው። ከምስክር ሁሉ የቅርቡ የግድ የታመነው አይደለም።

ታዲያ ማን ይመሰክራል? ዴቪድ ስቲል በ1794 እ.ኤ.አ. ስለ መርከብ ገመድና አያያዝ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የየመርከቡን ደረጃ የገመድ ልክ በሠንጠረዥ አስፍሯል። ኔፒያን ሎንግሪጅ የተባለው ሰው ቪክትሪን 1 ለ48 በሆነ መስፈርት ሠርቶ፣ ሥራውን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1955 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ጄምስ ሊስ በ1979 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ደቀልና ገመድ ከ1625 እስከ 1860 እንዴት እንደተለዋወጠ በዝርዝር አሳይቷል። ከዕቃዎቹም መካከል አንድ ድንቅ ምስክር አለ፤ መርከቧ በትራፋልጋር ዕለት የተጠቀመችበት አንድ የፊት ደቀል ሸራ ወደ 90 የሚጠጉ የጥይት ቀዳዳዎች እንዳሉበት እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ስለ ሸራው ስፋት፣ ስለ ስፌቱና ስለ ገመድ ማያያዣዎቹ ይህ ጨርቅ የሚናገረውን የትኛውም ሥዕል ሊናገር አይችልም።

አራት ጥያቄዎች

የመርከብ ገመዶች በሁለት ይከፈላሉ። ቋሚዎቹ ደቀሉን ደግፈው ይይዛሉ፤ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ወጥረው ያቆሙታል፤ ዝናብና ጨው እንዳይበላቸውም ከጥድ እንጨት የሚገኝ ዝፍት ይቀባሉ፤ ስለዚህ ጥቁር ናቸው። ተንቀሳቃሾቹ ሸራውን ለመስቀል፣ ለማውረድ፣ ለማዞርና ለመሰብሰብ ያገለግላሉ፤ በፑሊ ውስጥ መሮጥ ስላለባቸውም ነጣ ያሉ ናቸው። በሞዴሉ ላይ ሁለቱን በአንድ ቀለም መሥራት የሁለቱን ሥራ አንድ ማድረግ ነው።

ለእያንዳንዱ ገመድ አራት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ከየት ይነሣል? በምን በምን ያልፋል? የት ይታሰራል? ሲሳብ ምን ያደርጋል? ከአራቱ አንዱ መልስ ካጣ፣ ክሩ ምንም ያህል ቢያምር ገመድ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛውን ጥያቄ ልብ በሉ። በትራፋልጋር ዕለት በቪክትሪ ላይ ከ800 የሚበልጡ ሰዎች ነበሩ። በማዕበል መካከል፣ መብራት በሌለበት ሌሊት፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ትክክለኛውን ገመድ በእጁ ዳሶ ማግኘት ነበረበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ገመድ የራሱ ካስማና የራሱ ቦታ ነበረው፤ የአንዱ ደቀል ቅደም ተከተል ከሌላው ደቀል ጋር በተቻለ መጠን ይመሳሰል ነበር። ለሞዴል ሠሪው ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም፦ አንድ መርከበኛ ተለክቶ እንደ ሞዴሉ ቢያንስና በሌሊት በሞዴሉ ላይ ቢቆም፣ ገመዱን ያገኘው ይሆን?

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከደቀሉ ወደ ፊት የሚወጠረው ወፍራም ገመድ በጦር መርከቦች ላይ ብቻውን አይሆንም፤ ከጎኑ ሁለተኛ፣ ቀጠን ያለ ረዳት ይዘረጋለታል። በሁለቱ መካከል ደግሞ አንድ ቀጭን ገመድ በዚግዛግ እየተመላለሰ ያያይዛቸዋል። በሞዴሉ ላይ ሲታይ ይህ ዚግዛግ እንደ ጌጥ ይመስላል። ምክንያቱ ግን የመድፍ ጥይት ነው። አንደኛው ቢበጠስ ሁለተኛው ደቀሉን ይይዛል፤ የተበጠሰውም ጫፍ በሰው ላይ ወድቆ እንዳይጎዳ ዚግዛጉ አንጠልጥሎ ያስቀረዋል። ይህን የተረዳ ሠሪ ዚግዛጉን ለውበት ብሎ አያኖረውም፤ ለሰላማዊ የንግድ መርከብ ሞዴልም እንዲሁ አይዘረጋውም።

ልክና ግመዳ

ቀጣዩ ጉዳይ የገመዱ ውፍረት ነው። የጥንቱ ሠንጠረዦች የሚሰጡት የገመዱን ዲያሜትር ሳይሆን ዙሪያውን በኢንች ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ስሕተት ይፈጽማል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዙሪያውን ወደ ሚሊ ሜትር ለውጡ፣ ለፓይ አካፍሉ፣ ከዚያም ለመስፈርቱ አካፍሉ። ዙሪያው 19 ኢንች የሆነ ገመድ 154 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ በሞዴሉ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዙሪያው 10 ኢንች የሆነው 0.8 ሚሊ ሜትር፣ 2 ኢንች የሆነው ደግሞ 0.16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ወደ አሥር እጥፍ የሚደርስ ልዩነት አለ። በሁለት ወይም በሦስት ዓይነት ክር ብቻ የተሠራ ሞዴል ዓይንን የሚረብሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተመልካቹ ስሌቱን ባያውቅም የኃይሉ ሥርዓት መጥፋቱን ይሰማዋል።

የግመዳው አቅጣጫም አለ። የተለመደው ባለ ሦስት ዘርፍ ገመድ ወደ ቀኝ የተገመደ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ እንደገና አብረው ሲገመዱ የሚገኘው እጅግ ወፍራም የመልሕቅ ገመድ ግን ወደ ግራ ይገመዳል፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ግመዳ የመጀመሪያውን እንዳይፈታው ተቃራኒ መሆን አለበት። ከሱቅ የሚገዛ የስፌት ክር በአብዛኛው ለስፌት መኪና የተመቸ እንጂ ለዚህ ታስቦ የተገመደ አይደለም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠሪዎች ገመዳቸውን ራሳቸው በትንሽ መግመጃ ይገምዳሉ።

የክሩ ዓይነትም ሊታሰብበት ይገባል። ጥጥና ተልባ እርጥበት ሲነካቸው ይኮማተራሉ፣ ሲደርቁ ይላላሉ። እንደ አዲስ አበባ ባለ፣ ክረምቱና በጋው በእርጥበት እጅግ በሚለያዩበት ከተማ፣ በጥር የተወጠረ የጥጥ ገመድ በሐምሌ ቀጭኑን የደቀል ጫፍ ሊያጎብጠው ይችላል። ፖሊስተር ግን በእርጥበት ብዙም አይለወጥም።

ፕላስቲክና ኃይል

አሁን ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ወደሚቀርበው ክፍል ልግባ። የሞዴሉ ደቀል የተሠራበት ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ የመለጠጥ መቋቋሚያው 3 ጊጋ ፓስካል ያህል ነው፤ የነሐስ ግን ወደ 100 ጊጋ ፓስካል ይጠጋል። በተጨማሪም የአንድ ክብ ዘንግ መታጠፍን የመቋቋም አቅም ከዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ጋር ይያያዛል፤ ዲያሜትሩ ከ4 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ አቅሙ 16 ጊዜ ያንሳል። የደቀሉ ጫፍ እጅግ ቀጭን በመሆኑ፣ የሠሪው ጣት በቀስታ እንኳ ብትስበው ይጎብጣል። መፍትሔው ቀጭኑን ክፍል በነሐስ ወይም በብረት ዘንግ መተካት፣ ወፍራሙንም ከውስጥ በዘንግ ማጠናከር ነው።

ነገር ግን ጠንካራ ዘንግ የሥራን ቅደም ተከተል አይተካም። በእውነተኛው መርከብ ላይ የጎን ገመዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አንድ ገመድ በደቀሉ ራስ ላይ ዞሮ በሁለት እግሩ ወደ አንድ ጎን ይወርዳል። የመጀመሪያው ጥንድ በቀኝ ጎን ከፊት ይጣላል፣ ሁለተኛው በግራ፣ ሦስተኛው እንደገና በቀኝ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይቀጥላል። ወደ ፊት የሚወጠረው ወፍራም ገመድ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ በላያቸውም ያርፋል። ይህ ሥርዓት የመርከበኞች ልማድ ብቻ አይደለም። ደቀሉ በማናቸውም ጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሳብ የሚያደርግ የሚዛን ስሌት ነው። ሞዴል ሠሪው ይህንኑ ቅደም ተከተል ሲከተል፣ የፕላስቲኩ ደቀል ቀጥ ብሎ ይቆምለታል፤ በአንድ በኩል ያሉትን ሁሉ ጨርሶ ወደ ሌላው ሲዞር ግን ደቀሉ አስቀድሞ አዘንብሎ ይጠብቀዋል። የጥንቱ ሰው በልምድ ያገኘውን ሕግ ፕላስቲኩ በራሱ ቋንቋ ይደግመዋል ማለት ነው።

ሞዴሉ የማይታዘዝበት አንድ ሕግም አለ፤ የምድር ስበት በመስፈርት አይቀንስም። ርዝመቱ 100 ጊዜ ሲያንስ፣ የገመዱ ክብደት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል። በአንድ ዓይነት ቁስ ብንሠራው፣ ትንሹ ገመድ ከራሱ ክብደት አንጻር ሲታይ ለመታጠፍ ያለው ግትርነት 100 እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ በእውነተኛው መርከብ ላይ በካስማ ተንጠልጥሎ በክብደቱ ወደ ታች የሚወድቀው የገመድ ጥቅልል፣ በሞዴሉ ላይ እንደ ሽቦ ተፈናጥሮ ይቆማል። ሠሪው ጥቅልሉን ለየብቻ በመርፌዎች ዙሪያ ያዘጋጃል፣ በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ያርሰዋል፣ በወረንጦ ወደ ታች ስቦ ቅርጹን ያስይዘዋል። እዚህ ላይ የምታዩት እውነተኛ መልክ በተፈጥሮ ሕግ የተገኘ አይደለም፤ ተፈጥሮ በትልቁ መርከብ ላይ የምታደርገውን ዐውቆ በእጅ በመተካት የተገኘ ነው። ትክክለኛነት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ብልሃት ይጠይቃል።

ማስረጃ ሲጎድል

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የሚነሣው ምስክር ሲጠፋ ነው። በዚህ ረገድ የስዊድኗ ቫሳ ታስተምረናለች። በነሐሴ 10 ቀን 1628 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ ጉዞዋ በስቶክሆልም ወደብ ሰጠመች፤ ከ333 ዓመታት በኋላ በ1961 እ.ኤ.አ. ከባሕር ወጣች። ተመራማሪዎች በመጀመሪያ የጌጦቿ መደብ ሰማያዊ እንደ ነበረ ያምኑ ነበር፤ ብዙ ሞዴሎችም በሰማያዊ ተቀቡ። በኋላ በቀለም ቅሪት ላይ የተደረገ ምርመራ መደቡ ቀይ መሆኑን አሳየ። በሰማያዊ የተቀቡት ሞዴሎች ሠሪዎች ዋሽተዋልን? አልዋሹም፤ በዘመናቸው የነበረውን ማስረጃ ተከትለዋል። ይሁን እንጂ «ይህን ቀለም የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ በጽሑፍ ያኖረና ምንም ሳይጽፍ ያለፈ ሠሪ እኩል አይደሉም። የፊተኛው ሥራ ሊታረም ይችላል፤ የኋለኛው ሊጣል ብቻ ይችላል።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ደንቦችን አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ለእያንዳንዱ ገመድ ምንጩን የሚገልጽ መዝገብ መያዝ ነው፦ ይህ በሠንጠረዥ የተረጋገጠ፣ ይህ ከተመሳሳይ መርከብ የተወሰደ፣ ይህ ደግሞ የእኔ ግምት በማለት። ሁለተኛው፣ ስለ መተው ነው። በ1 ለ100 መስፈርት ሁሉንም ገመድ መሥራት ከእጅና ከዓይን አቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ መተው ነውር አይደለም። ነገር ግን የሚተወው አንድ ሙሉ ሥርዓት መሆን አለበት። ለምሳሌ ሸራ የሌለው ሞዴል የሸራ መሰብሰቢያ ገመዶችን በሙሉ ሊተው ይችላል፤ ተመልካቹም ምን እንደ ተተወ ይገባዋል። ግማሹን ሠርቶ ግማሹን መተው፣ ወይም ከላይ የተነሣን ገመድ ወደ ታች አምጥቶ ባገኙት ካስማ ላይ ማሰር ግን ተመልካቹን ያሳስታል። በግልጽ የተተወ ነገር ክፍተት ነው፤ በዘፈቀደ የተሞላ ክፍተት ሐሰት ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለምን ያስፈልጋል? ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠሩ የሕንፃ፣ የማሽንና የመሠረተ ልማት ምስሎች እጅግ ያማሩ ናቸው። በእነዚህ ውብ ምስሎች ውስጥ ግን ወደየትም የማይደርስ የውኃ ቧንቧ፣ ሸክሙን ለማንም የማያስተላልፍ ምሰሶ፣ ከምንም ያልተያያዘ ሽቦ ይገኛል። በጽሑፋችንም እንዲሁ፤ ከየት እንደ ተነሣ የማይታወቅ ቁጥር፣ በምንም ያልታሰረ መደምደሚያ ይገኛል። በእነዚህ ሁሉ ላይ አራቱን ጥያቄዎች ማቅረብ ይቻላል። ከዚህም የሚከብደው፣ ሞዴል ራሱ ለሚቀጥለው ሰው ምስክር መሆኑ ነው። ዛሬ በዘፈቀደ የታሰረ ገመድ ነገ በፎቶግራፍ ተነሥቶ ሌላው ይገለብጠዋል፤ ከሦስተኛው ግልባጭ በኋላ ስሕተቱ ወግ ይሆናል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምመክረው ይህን ነው። ሥራችሁን ለግምገማ ከማቅረባችሁ በፊት፣ ጣታችሁን በአንዱ መስመር ላይ አኑሩና ከመነሻው እስከ ማሰሪያው ተከተሉት። ጣታችሁ በመንገድ ላይ የቆመችበት ቦታ ካለ፣ ገና ያላወቃችሁት ነገር በዚያ አለ። ያን ቦታ በቀለም አትሸፍኑት። ምልክት አድርጉበት፣ በመዝገባችሁ ጻፉት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍቱ ተመለሱ።